«የልብ በር ጥበት» ተባለች፤ እስከ እርግዝናዋ ድረስ ግን ደህና ነበረች። እንዴት ነው ነገሩ?

የወሎው (ክሩን የጀመረው)
ሰላም ለሁላችሁም። ታናሽ እህቴ 24 ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። እሷ ደሴ ናት፣ እኔ አዲስ አበባ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። እርግዝናው ነው አልን። እናታችንም «የመጀመሪያ ልጅ ይከብዳል» ብላ አረጋጋችን። ከዚያ ደረጃ መውጣት አቃታት። ሌሊት ታፍና ትነሳና መስኮት ከፍታ ትቆማለች። ሳልም ጨመረባት። ጤና ጣቢያ አስም ነው ብለው የሚነፋ መድኃኒት ሰጧት፤ ጭራሽ ልቧን አስደለቃት። በኋላ አንድ ሐኪም ደረቷን በደንብ አዳምጦ «የልብሽ ድምፅ አላማረኝም» አለና ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) አዘዘላት። ወረቀቱ ላይ ሩማቲክ፣ የሚትራል ቫልቭ ጥበት፣ ከባድ ይላል።

ይቺ ልጅ ትምህርት ቤት እያለች በሩጫ የሚቀድማት አልነበረም። በር እንዴት ባንድ ጊዜ ይጠባል? እርግዝናው ነው ያመጣባት? አማቷ ብርድ መቷት ነው ትላለች። ባሏ ደግሞ ራሱን እየወቀሰ ነው። የገባው ሰው ያስረዳኝ።

ሲስተር ነኝ
ወንድሜ፣ ማብራሪያውን የሚሰጥህ አይጠፋም። እኔ አስቸኳዩን ልበል። የልብ ክፍል ነርስ ነኝ።

ሌሊት ታፍና መነሳቷ ቀላል ምልክት አይደለም። ቀጠሮዋ ሩቅ ከሆነ አትጠብቁ። ጋደም ማለት ካቃታት፣ ሮዝ መሳይ አረፋ ያለው አክታ ከወጣት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ቁጭ ብላም ካፈናት በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። እስከዚያ ትራስ ደርባ ከወገቧ ቀና ብላ ትተኛ። ከባድ ነገር አታንሳ፣ ውሃ አትቅዳ፣ እንጀራ አትጋግር።

የሚነፋው ሳልቡታሞል ከሆነ ለሐኪሟ ንገሩ። እሱ ልብ ያፈጥናል። ለእሷ ዓይነት በሽታ የልብ መፍጠን ዋናው ጠላት ነው።

የኢኮውን ቁጥሮች እዚህ ጻፍልን፤ ስሟ እንዳይታይ ብቻ።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት
ሲስተር ያለችው ትክክል ነው። እኔ እዚህ ማከም አልችልም። የምጽፈው ሐኪሟ የሚላችሁን በቀላሉ እንድትረዱ ነው።

በመጀመሪያ ባሏ ራሱን መውቀስ ያቁም። እርግዝናው በሽታውን አላመጣም፤ የተደበቀውን ነው ያወጣው። ነገሩ የተጀመረው ልጅ እያለች ነው፣ በጉሮሮ ሕመም።

ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ቶንሲል ያሳምማል። ብዙውን ጊዜ በሳምንት ይሻላል። በአንዳንድ ልጆች ላይ ግን ሰውነት ባክቴሪያውን ለመግደል ያዘጋጀው መከላከያ የራሱን አካል ማጥቃት ይጀምራል። ምክንያቱ የባክቴሪያው ፕሮቲን ከልብ ሥጋና ከቫልቭ ፕሮቲኖች ጋር መመሳሰሉ ነው። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት ይመጣል። ጉልበት ያብጣል፣ እሱ ሲተው ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ክርን። ቁርጥማት ነው ይባላል፣ ይታሻል፣ ይተዋል። ይህን ነው ሩማቲክ ትኩሳት የምንለው። በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው። መገጣጠሚያው ጠባሳ ሳይተው ይድናል። ልብ ግን ላይድን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ የመገጣጠሚያው ሕመም ከነጭራሹ ሳይታይ ልብ ብቻ ይነካል፤ እህትህ ምንም ትዝ ባይላት አይግረምህ።

ሚትራል በግራ በኩል በላይኛውና በታችኛው የልብ ክፍል መሃል ያለው በር ነው። ሁለት ስስ ክዳኖች አሉት። ክዳኖቹ ተቆጥተው ያብጡና ሲድኑ ጠባሳ ይሆናሉ። ሌላ ጉሮሮ ሕመም ሲመጣ ሌላ ጠባሳ ይደረባል። በዓመታት ውስጥ ክዳኖቹ ይወፍራሉ፣ ጠርዝና ጠርዛቸው ይጣበቃል። ከታች የሚይዟቸው ቀጫጭን ጅማቶችም ይደድራሉ፣ ያጥራሉ። የጤነኛ ሰው በር ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ይሰፋል። 2 አካባቢ እስኪደርስ ሰውየው ብዙም ላይታወቀው ይችላል። 1.5ና ከዚያ በታች ሲሆን ከባድ እንላለን።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ጠባብ በር ሁልጊዜ አያስጨንቅም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሕዝቡ በአንዲት በር ሲወጣ አስበው። ጊዜ ካለ ሁሉም በሰላም ይወጣል። ሰዉ ሲበዛና ጊዜው ሲያጥር ነው መጨናነቅ የሚመጣው። ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ አንዱ ዙር 1 ሴኮንድ ነው። ከዚያ ላይ ሁለት ሦስተኛው ገደማ በሩ ተከፍቶ ደም ወደ ታች የሚወርድበት ጊዜ ነው። ምቱ 120 ሲደርስ ዙሩ ግማሽ ሴኮንድ ይሆናል። የሚቀነሰው ደግሞ በአብዛኛው ከዚሁ ከመውረጃው ጊዜ ነው። በዚያ ላይ በጠባብ በር የሚያልፈው ደም እጥፍ ከሆነ የሚያስፈልገው ግፊት እጥፍ አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው።

እርግዝና ሁለቱንም ባንድ ላይ ያመጣል። የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፣ የልብ ምትም ይፈጥናል። ጭማሪው የሚበረታው ከአራተኛው ወር በኋላ ነው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ልክ እንደ እህትህ በዚህ ወቅት የሚታመሙት።

በሩን ያላለፈው ደም ላይኛው ክፍል ውስጥ ይከማቻል። ግፊቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ሳንባ ደም ሥሮች ይመለሳል። 25 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ሲደርስ የደሙ ውሃ ወደ ሳንባ ከረጢቶች መግባት ይጀምራል። ትንፋሽ ማጠሩ ይሄ ነው። ሌሊት የሚብሰው ደግሞ ስትተኛ እግሯ ላይ የነበረው ደም ወደ ደረት ስለሚመለስ ነው። የአየር ቧንቧውም ስለሚያብጥ ደረት ያፏጫል። አስም የሚመስለው ለዚህ ነው።

ብዕረ መምህር
ዶክተር፣ ጥያቄ አለኝ። እኔ የገጠር አስተማሪ ነኝ። ቶንሲል የማይታመም ተማሪ የለኝም። ሁሉም ልቡ ሊታመም ነው እንዴ?

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት
አይደለም መምህር። ለጉሮሮ ሕመም አብዛኛው ጊዜ ምክንያቱ ቫይረስ ነው። ንፍጥ፣ ሳልና የድምፅ መዘጋት ካለ ወደ ቫይረስ ያደላል። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ሲውጡ ሕመም፣ አንገት ላይ የሚያም እብጠት፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር፣ ሳል ደግሞ ከሌለ ስትሬፕቶኮከስን እንጠረጥራለን። ከስትሬፕቶኮከስም ቢሆን ሩማቲክ ትኩሳት የሚከተለው ጥቂቶቹን ብቻ ነው። ልጁ በተፈጥሮው ለዚህ የተጋለጠ መሆን አለበት። የመጨናነቅም ነገር አለበት፤ ብዙ ልጆች ባንድ ክፍል ሲተኙና ሲማሩ ባክቴሪያው ይዘዋወራል። አውሮፓና አሜሪካ በሽታው መቀነስ የጀመረው ፔኒሲሊን ሳይመጣ በፊት ነው፤ ቤቱ ሲሰፋና ኑሮው ሲሻሻል።

ጉሮሮው ከታመመ በ9 ቀን ውስጥ ትክክለኛው ፀረ ባክቴሪያ ከተጀመረ ሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይቻላል። እናት ልጇን በሦስተኛው ቀን ብታመጣ እንኳ አልረፈደም ማለት ነው።

ብዕረ መምህር
እኛ ጋ እንጥል ማስቆረጥ ነው የሚቀናው። ልጁ ጉሮሮዬን ሲል ወደ ቆራጯ ይዘውት ይሄዳሉ።

ሲስተር ነኝ
እሱን ነገር ባነሳኸው ቁጥር ያንገበግበኛል። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይነካውም። ልጁ ሊደማ ይችላል፣ ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ወላጅ «ታክሟል» ብሎ መቀመጡ ነው። ፔኒሲሊን ርካሽ መድኃኒት ነው። ለወላጆች ስብሰባ ላይ ብትነግራቸው ትልቅ ሥራ ነው።

ዘንካታዋ ከቨርጂኒያ
ሰላም። ይሄን ሳነብ ልቤ መምታት ጀመረ 😅 እኔም «ሚትራል ቫልቭ» ተብያለሁ። ፕሮላፕስ ነው ያሉኝ። አንዳንዴ ልቤ ዝልል ይላል። ሐኪሜ በየጥቂት ዓመቱ ኢኮ እየተነሳሽ ኑሪ ብሎ ሸኘኝ። እናንተ የምታወሩት ይሄን ነው? ልጅ ልወልድ አስቤ ነበር።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት
እህቴ፣ በሩ አንድ ነው፣ ሕመሙ ሌላ ነው። የወሎው እህት በር ደድሮ አልከፈት ብሏል። የአንቺ ደግሞ ልል ሆኗል። ልብ ሲጨመቅ ክዳኑ ወደ ላይኛው ክፍል ይቀለበሳል፤ አንዳንዴም በጠርዙ ትንሽ ደም ወደ ኋላ ይፈሳል። ይሄ ከቶንሲል ጋር አይገናኝም። ከመቶ ሰው ሁለት ሦስቱ ላይ ይገኛል። ሐኪም ሲያዳምጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁ ከቫልቩ እንደሚመጣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሳየው የጆሃንስበርጉ ሐኪም ጆን ባርሎው ነው። አብዛኞቹ ሙሉ ዕድሜያቸውን ያለ ችግር ይኖራሉ። ወሳኙ የሚፈሰው ደም መጠን ነው። ኢኮሽ ላይ «ቀላል» የሚል ከሆነ እርግዝናን የሚከለክል አይደለም። ለሐኪምሽ አስቀድመሽ ንገሪው። ራስሽን ከሳትሽ ወይም ልብሽ ሳያቋርጥ ከፈጠነ ግን ቶሎ ታዪ። ቡናውን ሞክሪና ቀንሺው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ለውጥ ያመጣል።

ዘንካታዋ ከቨርጂኒያ
ቡናውን?! እሺ፣ ሦስተኛውን እተዋለሁ። አቦልና ቶና ግን አይነኩም።

የወሎው (ክሩን የጀመረው)
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዶክተር፣ ያልከውን ለባሏ በስልክ አነበብኩለት፤ ተንፈስ አለ። ሲስተር እንዳልሽው ወዲያው ሆስፒታል ወሰዷት፣ አስተኟት።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል። የበሩ ስፋት 1.1 ካሬ ሴ.ሜ.። አማካይ የግፊት ልዩነት 14። የግራ ላይኛው ክፍል ተለጥጧል። የሳንባ ደም ሥር ግፊት 55። ወደ ኋላ መፍሰስ ቀላል። የረጋ ደም አልታየም። የልብ ምቷ ስትገባ 112 ነበር። እግሯ አላበጠም። ፉሮስማይድና ሜቶፕሮሎል ጀምረውላታል። የሚያሸናው መድኃኒት ፅንሱን አይጎዳም?

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት
ከቁጥሮቹ አንዱ ከሌላው ጋር ይሄዳል። 1.1 ከባድ ነው። እግሯ አለማበጡ መልካም ዜና ነው። የሳንባው ግፊት ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የቀኝ ልብ ይደክማል፤ ያኔ ነው ጉበት የሚያብጠው፣ ሆድና እግር ውሃ የሚይዙት። እሷ እዚያ አልደረሰችም።

ሜቶፕሮሎሉ በሩን አያሰፋም። ልቧን አዝግሞ ለደሙ ጊዜ ይሰጠዋል። 112 የነበረው ወደ 70ና 80 ሲወርድ ራሷ ትነግራችኋለች። ፉሮስማይድ በሳንባ የተጠራቀመውን ይቀንሳል። ከመጠን በላይ ከተሰጠ ወደ ማህፀን የሚሄደው ደም ሊቀንስ ስለሚችል በልክ ነው የሚሰጠው፣ ፅንሱም በአልትራሳውንድ ይታያል። ሳይታከም የሚቀር የሳንባ ውሃ ግን ለእናትም ለልጅም እጅግ የከፋ ነው። ኢናላፕሪል የሚባል መድኃኒት ማንም ቢያዝላት «ነፍሰ ጡር ናት» በሉ። እሱ ለፅንስ አይሆንም። የአይረን ኪኒኗን አታቋርጥ፤ ደም ማነስ ልብን ያፈጥናል። ትኩሳት ቢይዛትም ፈጥናችሁ አሳክሙ፣ በዚያው ምክንያት።

በመድኃኒት ካልተሻላት በሩን በባሉን (በሚነፋ ፊኛ) የማስፋት ሐሳብ ይነሳ ይሆናል። ከብሽሽት በደም ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባል። ከቀኝ ላይኛው ክፍል ወደ ግራው በስሱ ግድግዳ ያልፋል። በሩ ጋ ሲደርስ ጫፉ ላይ ያለው ባሉን ይነፋና የተጣበቁትን ጠርዞች ያላቅቃል። ደረት አይከፈትም። የጃፓኑ ቀዶ ሐኪም ካንጂ ኢኖዌ ነው ዘዴውን ያመጣው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ታተመለት። ብዙ ጊዜ ስፋቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለነፍሰ ጡር ሲሆን ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ይመረጣል፣ ሆዷም ከጨረር ይሸፈናል። ክዳኑ በጣም ከደደረ፣ ብዙ የሚፈስ ከሆነ ወይም የረጋ ደም ካለ ግን አይሠራም። የእሷ መፍሰስ ቀላል መሆኑና የረጋ ደም አለመታየቱ በሩን ለባሉን ምቹ ያደርገዋል። በዚህ ዕድሜ ክዳኑም ገና ተጣጣፊ መሆኑ የተለመደ ነው።

ከድሬ
ለእናቴ ጥቁር አዝሙድ በማር ሰጥተናት ትንፋሿ ተሻላት። ለእህትህም ሞክሩላት፣ ዱዓም አድርጉ።

ብረት ልብ
ወንድሜ ከድሬ፣ ዱዓው ይደረግ፣ ማንም አይከለክልም። እኔ ቫልቭ የተቀየረልኝ ሰው ነኝ። ጠበሌንም እጠመቃለሁ፣ ኪኒኔንም እውጣለሁ። ግን ቅጠላ ቅጠልና አዝሙድ ለልብ ሕመምተኛ ሳይነግሩ አይሰጥም። በተለይ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ።

ትንሽ ስለሱ ላውራችሁ፣ መቼም ክሩ ረዝሟል። ልጅ እያለሁ ጉልበቴ አብጦ ነበር አሉ እናቴ። ከዚያ ሁሉም ተረሳ። ጎረምሳ ሆኜ ደም የቀላቀለ አክታ ወጣኝ፤ ቲቢ ነው ተብዬ መድኃኒት ጀመርኩ። ድምፄም ሻከረ። ከልቤ ነው ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ሲገኝ በሩ ጠቦም ይፈስም ነበር። ለባሉን አይሆንም ተባልኩና ሜካኒካል ቫልቭ ተገጠመልኝ። ፀጥ ባለ ክፍል ቁጭ ካልኩ ይሰማል፣ ቀጭ ቀጭ። ልጆቼ «አባባ ሰዓት ዋጠ» ይላሉ።

ዋርፋሪን ዕድሜ ልክ ነው። አይ.ኤን.አር. የሚባል፣ ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ የደም ምርመራ አለ፤ እሱን በየጊዜው እለካለሁ። የእኔ ራስ ምታት ፆም ነው። በሁዳዴ ጎመንና ቆስጣ ይበዛል፤ ቁጥሩ ይወርዳል። ፋሲካ ሲመጣ ጎመኑን እተዋለሁ፤ ቁጥሩ ይወጣል። ነርሷ «ጎመን አትብላ አላልኩህም፣ በየሳምንቱ እኩል እኩል ብላ ነው ያልኩህ» ብላ ስትቆጣኝ ገባኝ። ጥርስ ከማስነቀሌ በፊትም ፀረ ባክቴሪያ እወስዳለሁ። ወገቤን ሲያመኝ ዳይክሎፌናክ አልነካም።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት
ብረት ልብ ያልከው ሁለቱም ምልክት በመጽሐፍ ያለ ነው። ደሙ የሚወጣው በግፊት ያበጡት የአየር ቧንቧ ደም ሥሮች ሲፈነዱ ነው። ድምፅ የሚሻክረው ደግሞ የተለጠጠው ላይኛው ክፍልና ያበጠው የሳንባ ደም ሥር በዚያ የሚያልፈውን የድምፅ ነርቭ ሲጫኑት ነው። ኮትራይሞክሳዞልና ሜትሮኒዳዞልም አይ.ኤን.አር. ያሻቅባሉ። መድኃኒት ቤት ስትሄድ ዋርፋሪን እወስዳለሁ ሳትል ምንም አትግዛ።

ዝምተኛው
እናቴ አንድ ቀን ጠዋት ቡና እያፈላች ቀኝ እጇ ከዳት። አፏም ተጣመመ። ደም ግፊት የለባትም፣ ስኳር የለባትም። በኋላ ልብ ነው ተባለ። ልብ እንዴት አእምሮን ይመታል? ማንም አላስረዳንም።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት
ወንድሜ፣ እግዜር ይማርልህ። በሩ ሲጠብ ላይኛው ክፍል ለዓመታት ይለጠጣል። ሲለጠጥ የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ ይበላሻል። በሥርዓት መኮማተሩን ትቶ ይንቀጠቀጣል። ምቱ ይዘበራረቃል፤ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን እንለዋለን። በአንድ ጥግ ትንሽ ከረጢት አለችው፤ ደም እዚያ ቆሞ ይረጋል። የረጋው ሲነቀል በሩን አልፎ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ብዙ ሰው በሽታው እንዳለበት የሚያውቀው ያን ቀን ነው።

ለዚህ ዋርፋሪን ያስፈልጋል። አዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች ምርመራ ስለማይጠይቁ ብዙ ሰው ይመርጣቸዋል። ነገር ግን ከ4,500 በላይ ሩማቲክ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ ነበር። ከአዲሶቹ አንዱን፣ ሪቫሮክሳባንን፣ ከዋርፋሪኑ ቤተሰብ ጋር ሲያወዳድር ዋርፋሪን ይወስዱ ከነበሩት የሞቱት ያነሱ ነበሩ። ስለዚህ እናትህ ዋርፋሪን ላይ ከሆኑ «አዲሱ ይሻላል» የሚል ሰው ቢመጣ በራሳችሁ አትቀይሩ።

የወሎው፣ እህትህ ምቷ የተዘበራረቀ አይደለም ብዬ እገምታለሁ፤ ኢ.ሲ.ጂ.ዋን (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራዋን) ጠይቅ። ነፍሰ ጡር ላይ ደም ማቅጠኛ ሌላ ጉዳይ ነው። ዋርፋሪን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ፅንሱን ሊያበላሽ ስለሚችል ሄፓሪን በሚባል ሌላ ደም ማቅጠኛ ይተካል።

ብዕረ መምህር
የወርሃዊው መርፌስ? አንዲት ተማሪዬ ተጀምሮላት ነበር። ጤና ጣቢያው «ይህን መርፌ አንወጋም፣ ሰው ይገድላል» ብሎ መለሳት።

ሲስተር ነኝ
መጣህልኝ መምህር። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፤ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይወጋል። የተበላሸውን በር አይጠግንም። አዲስ ጉሮሮ ሕመም አዲስ ጠባሳ እንዳይደርብ ነው የሚከለክለው። ሰሜን ኡጋንዳ ውስጥ ምልክት በሌላቸው፣ በሽታው በኢኮ ብቻ በተገኘባቸው ልጆች ላይ ተሞክሮ ነበር። በ2 ዓመት ውስጥ በሽታው የባሰባቸው መርፌውን ከወሰዱት 0.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 8.2 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱን እየው።

ፍርሃቱን እረዳለሁ። አለርጂ አለ፣ ግን ከባዱ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው። አለርጂ ይጠየቃል፣ አድሬናሊን አጠገብ ይቀመጣል፣ ከተወጋች በኋላ ትንሽ ትቆያለች። ልጅቷ በልታ፣ ውሃ ጠጥታ ትምጣ፤ ተኝታ ትወጋ። ቫልቫቸው እጅግ የተጎዳና ልባቸው የደከመ ሰዎች ላይ ግን ከመርፌው በኋላ የሚደርሰው ድንገተኛ ሞት ብዙውን ጊዜ ከአለርጂ ይልቅ ከልቡ ድካም የመጣ ይመስላል። ስለዚህ ለእነሱ ሐኪሙ በአፍ የሚወሰደውን ፔኒሲሊን ሊመርጥ ይችላል። የወሎው፣ ያንተ እህት እዚህ ውስጥ ልትገባ ትችላለች፤ ሐኪሟን ሳትጠይቁ ሰፈር ክሊኒክ አታስወጓት።

ለተማሪህ ከሆነ የታዘዘላትን ወረቀት ይዛ ወደ ሆስፒታል ትሂድ። ስንት ዓመት ትቆያለች ለሚለው፣ በሩ ከተበላሸ ቢያንስ 10 ዓመት ወይም እስከ 40 ዓመቷ፣ የሚረዝመው ይወሰዳል። ከባድ ከሆነ ዕድሜ ልክም ሊሆን ይችላል።

ከድሬ
ሲስተር፣ እናቴንም ላሳያት መሰለኝ። ትንፋሹ ተመልሶባታል።

ሲስተር ነኝ
ዛሬ ነገ አትበል። ማዳመጫ ብቻ አይበቃም፤ ይሄ ድምፅ ዝቅ ያለ ጉምጉምታ ነው፣ ታማሚዋ በግራ ጎኗ ካልተኛች ያመልጣል። ኢኮ ጠይቁ።

የወሎው (ክሩን የጀመረው)
አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሏታል። ምቷ 76 ነው። ትናንት በአንድ ትራስ ተኝታ አደረች። ኢ.ሲ.ጂ.ው መደበኛ ነው። ለባሉን ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጽፈውላታል፣ ከእኔ ጋ ትቀመጣለች። ጨው ቀንሺ ተብላ እናቴ ያለ ጨው ወጥ እየሠራች ታለቅሳለች 😂

ሁለት ነገር ብቻ። ከዚህ በኋላ ሌላ ልጅ መውለድ ትችላለች? ምጡስ? አማቷ ኦፕራሲዮን ይሻላታል ብላለች።

ሲስተር ነኝ
ለእናትህ ንገራት፣ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅም ጨው ይገባበታል። ከእሱም ለብቻዋ ያለ ጨው የተዘጋጀ ይኑራት። ረመዳን ከደረሰም ነገሩን ለዓሊም ያማክሩ፤ እንዲህ ሆና ፆም አያስፈልጋትም፣ ሃይማኖቱም ይፈቅድላታል።

ሌላ ልጅ የሚለው ከባሉኑ በኋላ በሩ ምን ያህል ሰፋ በሚለው ይወሰናል። እስኪታወቅ ድረስ እርግዝና እንዳይመጣባት ከወለደች በኋላ ወዲያው መከላከያ ትያዝ። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ወይም ሉፕ ይሆናታል። ኢስትሮጅን ያለበት ኪኒን ደም ስለሚያረጋ ለእሷ አይመከርም።

ምጡን በተመለከተ ለአብዛኞቹ የልብ ሕመምተኞች ኦፕራሲዮን ግዴታ አይደለም። ሕመሙን በጀርባ በሚሰጥ ማደንዘዣ አደብ አስይዘው፣ በግራ ጎኗ አስተኝተው፣ መጨረሻ ላይ ብዙ እንዳታምጥ በመሣሪያ ረድተው ያዋልዷታል። የልብ ሐኪሙና የማህፀን ሐኪሙ አስቀድመው ተነጋግረው ይወስኑ። መውለጃዋ ትልቅ ሆስፒታል ይሁን።

ልጁ ወጣ ብላችሁ ግን እንዳትዘናጉ። ማህፀን ሲኮማተር እዚያ የነበረው ደም በአንዴ ወደ ልብ ይመለሳል። በምጥ ሳይታመሙ ቆይተው ከወለዱ በኋላ ሳንባቸው ውሃ የሞላባቸው እናቶች አሉ። እስከ 3 ቀን ድረስ በደንብ መጠበቅ አለባት። ጠያቂ ሲበዛ «ደህና ናት፣ ወደ ቤት እንውሰዳት፣ ገንፎው ተዘጋጅቷል» ይባላል። ገንፎውን ሆስፒታል አምጡላት።